የሰፈራችን ጠንቋይና የእድሩ ድስት

ሐዋሳ ውስጥ ጠንቋይ ቤት የሄደ ሰው የለም። የእኛን ሰፈር ቤት ለቤት ጠይቁ፣ አንድም አታገኙም። እትዬ ግን የሚመጣላቸውን ስኳር ተጠቅመው አይጨርሱትም።

እትዬ ስኒ ያነባሉ። ቀን ቀን በራቸው ላይ ጉሊት ዘርግተው ሎሚና ቃሪያ ይሸጣሉ፤ ሲመሽ ቡና ያፈላሉ። ብር አይነኩም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጥንቆላ ጥቅም ማግኘትን እንደሚከለክል የነገራቸው አንድ ፖሊስ ነው ይባላል፤ የነገራቸውም ስኒው እስኪገለበጥለት ሲጠብቅ ነው።

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ሰው ሞተ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ወጣ፣ ትልቁ ብረት ድስት ግን የለም። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ጎኑ ላይ «የእድር ንብረት» ብዬ በቀይ ቀለም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ አልተሰበረም።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ አንድ ሳህን ትኩስ የአሳ ሾርባ በሚጥሚጣ ካልጠጣሁ ዓይኔ አይገለጥም። ስደርስ ሌባው ተለይቶ ነበር፦ ተከራይ ነው። የትኛው ተከራይ የሚለው ብቻ ነው የቀረው። በእኛ ሰፈር የራሱ ቤት ያለው ሰው አይሰርቅም።

አንድ አዛውንት ተነሥተው ሌባሻይ ናፈቃቸው። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ዕዳውንም ይከፍላል። «ቀጠሮ የለ፣ ይግባኝ የለ!» አሉ። ሌላው አውጫጭኝ ይሻላል አለ፦ ሌባው እስኪጋለጥ አገሬው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ይሄ ከእድራችን ስብሰባ በምን እንደሚለይ እስካሁን አልገባኝም።

በሦስተኛው ቀን የንብረት ያዣችን ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆመ። መላጣ ራሱን ትከሻው መሃል ቀብሮ፣ ያቺን ከረጢቱን ከአንገቱ ሥር አንጠልጥሎ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ እንደደረሰ ሽማግሌ ዝም ብሎ ቁልቁል ያያል። ሲራመድ ቆርቆሮው ይንቋቋል። «ሞት ጠሪ ነው» ተባለ። አንዷ ጎረቤት ጠበል ረጨች፤ ሌላው እጁን ዘርግቶ በኢየሱስ ስም ገሠጸው። አባ ኮዳ ሁለቱንም በእኩል አክብሮት አያቸው እንጂ ንቅንቅ አላለም።

በዚያው ማታ የእድሩ ዳኛ ጋቢ ተከናንበው እትዬ ቤት ገቡ። እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ከእሳቸው ቀድሜ ገብቼ ጓዳ ነበርኩ።

እትዬ ከበረካው በኋላ የዳኛውን ስኒ ገልብጠው አነሡት፤ ወደ ኩራዟ ጠጋ፣ ራቅ አደረጉት። መብራት ነበር፤ ለስኒ ግን ኩራዝ ነው የሚለኩሱት።

«ጥቁር ነገር ይታየኛል። ሆደ ሰፊ ነው፤ ሁለት ጆሮ አለው።»

«ድስቱ!»

«ውሃ ዳር ነው። ያጨሳል።»

«ወሳጁስ?»

«ወፉ ጣሪያው ላይ የቆመበት ነው።»

ዳኛው ጫማቸውን አቀያይረው አድርገው ወጡ። እኔ ከጓዳ ብቅ አልኩ።

«እትዬ፣ እውነት ስኒው ላይ ታይቶዎት ነው?»

«ልጄ፣ አባ ኮዳ ምን ሞት ያውቃል? የሚያውቀው የአሳ ሆድዕቃ ነው። ሐይቁን ትቶ እዚህ ከመጣ የሚጥልለት አግኝቷል ማለት ነው። የንብረት ያዡ ሚስት ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት መደብ ሎሚ ስትገዛኝ ከረመች። ለሻይ ነው?»

«ታዲያ ለዳኛው እንዲህ አይሏቸውም?»

«እኔ አየሁ ብላቸው፣ ‹ጉሊት ተቀምጣ ሰው ስትሰልል ትውላለች› ይሉኛል። ስኒው አየ ስላቸው ግን ይኸው ጫማቸው ጠፋቸው።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ድስቱ አሞራ ገደል ተገኘ፤ የንብረት ያዡ ልጅ ሾርባ እየጨለፈበት። ቀዩ ጽሑፍ ወደ ሐይቁ ዞሯል። አባትየው ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠየቁ፣ ተቀጡ። ድስቱ ሦስት ጊዜ በአመድ ታጥቦ እስከ ዛሬ ሽሮው አምባዛ አምባዛ ይላል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ከታማኝ ምንጭ በደረሰን ጥቆማ መሠረት» ብዬ ጻፍኩ። እትዬን አመስግኑ ያለ የለም፤ እንዲያውም እናቶች ልጆቻቸውን በእሳቸው በር እንዳያልፉ ከለከሉ። ማታ ማታ ራሳቸው ያልፋሉ።

እኔ ግን አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ሳልጠይቃቸው ስኒዬን ገለበጡት። ብዙ አዩት።

«ሳህን ይዘህ ሐይቅ ዳር ቆመህ ትታየኛለህ። ስትከፍል ግን አትታየኝም።»

ዝም አልኩ።

«ያ የጻፍክበት ጎን ወደ ሐይቁ የዞረው ካንተ የመጀመሪያ ሳህን በፊት ነው በኋላ?»

ሁለተኛ ኪሎ ስኳር ልገዛ ተነሣሁ።