ትንሿን ሸክላ ምን ያድርቃት?

ዛሬስ አንጀቴ አረረ። አባቴ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር አንድ አንድ እየገዛ ደብረ ብርሃን ያስገባቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች በወጉ ለማጠብ ብዬ፣ ስንት ወር ቆጥቤ የገዛሁት ባለ ቫኪዩም (ፈሳሹን ከነቆሻሻው በአየር ስቦ የሚያደርቅ) ማጠቢያ ማሽን፣ ትንሿን ሸክላ ማድረቅ አቃተው።

የመምጠጫው ክንድ የተሠራው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ትልቅ ሸክላ ነው። የዚያ ዘመን የአገራችን ዘፈን በብዛት የታተመው 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነው በደቂቃ 45 ዙር በሚሽከረከረው ትንሽ ሸክላ አይደለም ወይ? ክንዱ ሲያርፍበት ከመምጠጫው ክፍተት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከጠርዙ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩ ጆሮ እስኪያደነቁር እየጮኸ ባዶ አየር ይስባል፤ በብሩሽ ያራስኩት ፈሳሽም ካሟሟው አቧራ ጋር በመስመሮቹ ውስጥ ተኝቶ ይደርቃል። ታዲያ ይህ ማጠብ ነው ወይስ ቆሻሻን መልሶ መለሰን?

ሻጮቹን ብጠይቅ፣ ለትንሹ የሚሆን አጭር ክንድ ለብቻው እንደሚሸጥ ነገሩኝ። ገንዘቤን ሲቀበሉ ለምን አልነገሩኝም? ምን ዓይነት ሸክላ እንዳለኝ መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል? አሁን ከውጭ የሚመጣ ሰው እስካገኝ ስንት ወር ልጠብቅ?

ጠዋት ያልተመጠጠው ፈሳሽ ሸክላውን ሳነሣው ወደ መሐል ወረደ። አባቴ በሸክላው መሐል በተለጠፈው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ጽፎበት ነበር። በጨርቅ እስክደርስበት ድረስ ቀለሙ ፈሶ የመጀመሪያው ፊደል ጠፋ።