ኤፒዳውሮስ ላይ የተሰማው ስልክ

ግሪክ ልንሄድ ነው ስንል ዘመድ ሁሉ ሳንቶሪኒ መሰለው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ፎቶ። እኛ የሄድነው ግን አርጎሊዳ ነው፤ በደቡብ ግሪክ፣ ፔሎፖኔዝ ምሥራቁ ላይ፣ ከብርቱካንና ከወይራው መሀል ፍርስራሽ ብቅ የሚልበት አገር። «ድንጋይ ለማየት ነው ያን ሁሉ ዩሮ የምታወጡት?» አለች አክስቴ ከአዲስ አበባ።

መኪናው ውስጥ ከፊት አጎቴ፣ ከኋላ የአክስቴ ልጅና ባሏ ተቀምጠዋል። ቆሮንቶስ ስንቃረብ የአጎቴ ፊት በራ። ቅዱስ ጳውሎስ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ ያስተማረባት ከተማ ናት። «ፍቅር ይታገሣል፣ ቸርነትንም ያደርጋል» ብለው በቃላቸው ጀመሩ። ከኋላ ባልና ሚስቱ በቻርጀር ተያይዘዋል። «ፍቅር አይቀናም» ላይ ሲደርሱ ገመዱ ተበጠሰ።

የቆሮንቶስን ቦይ ከድልድዩ ላይ ቆመን አየነው። ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ ገደል ነው። ቁፋሮውን ያስጀመረው የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሥራው ቆመ። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ስለ ሰፈራችን መንገድ የነበራቸውን ቅሬታ ለጊዜው አነሡ።

ያደርነው ናፍፕሊዮ ነው። እስከ 1834 የግሪክ ዋና ከተማ ነበረች። ባሕሩ ከፊት፣ የፓላሚዲ ምሽግ ከተራራው አናት። ወደ ምሽጉ የሚያወጣው ደረጃ 999 ነው ይላሉ። አጎቴ «ከዚህም ይታያል» ብለው ቡና አዘዙ።

ጥንታዊቷ ከተማ ሚኬኔ ላይ ከ3,200 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአንበሶች በር አለ። የአክስቴ ልጅ «ሰው ካለበት አልፖስተውም» አለች። አንዱ አውቶቡስ ሲሄድ ሌላው ያራግፋል። ባል ተንበርክኮ፣ አንገቱን ቀልሶ ጠበቀ። በስንት መከራ የተነሣው ፎቶ ላይ ሰው የለም። አንበሶቹም የሉም፤ ባርኔጣዋ ጋርዷቸዋል። አጎቴ ደግሞ የአንበሶቹ ጭንቅላት የት እንደገባ ጥበቃዋን አፋጠጧት፣ በአማርኛ።

ሽሊማን የሚባል ጀርመናዊ በ1876 እዚሁ ካለ መቃብር የወርቅ ጭንብል አወጣ። በትሮይ ጦርነት ግሪኮችን መራ የሚባለው የንጉሥ አጋሜምኖን ነው ተባለ። ቆይቶ ሲጣራ የትሮይ ጦርነት ተደረገ ከሚባልበት ዘመን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስሙ ግን አልለቀቀም። እኛስ ዘንድ አንዴ ሠርግ ላይ «ዶክተር» የተባለ ሰው ማን መልሶ አቶ ይለዋል?

ኤፒዳውሮስ የፈውስ አምላኩ የአስክሌጲዮስ ደጅ ነበር። በሽተኛው ታጥቦ፣ መሥዋዕት አቅርቦ ማደሪያው ውስጥ ይተኛል፤ አምላኩ በሕልሙ መጥቶ ይፈውሰዋል። አስጎብኚዋ ይህን ለፈረንጆቹ ለማስረዳት ፍዳዋን አየች። አጎቴ ወዲያው ገባቸው። «ጸበል ነዋ!» አሉ።

ቲያትር ቤቱ አጠገቡ ነው። 14,000 ሰው ገደማ ይይዛል፣ 55 ረድፍ፣ ያለ ማይክ። መሀሉ ላይ ክብ ድንጋይ አለ። እዚያ ቆሞ የማያጨበጭብ፣ ወረቀት የማይቀድ፣ የማይዘፍን ጎብኚ የለም። ፎቶ ማንሳት ያንገሸገሸው ባል ወደ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ሚስት ድንጋዩ ላይ ቆማ እናቷ ጋ ቪዲዮ ደወለች።

አክስቴ ስልክ ላይ ድምፅ ቀንሳ አታውቅም። አውሮፓ ሩቅ ነዋ።

«ውይ ልጄን! ምነው ከሳሽብኝ? ያ ባልሽ ዛሬም ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው? ብዬሽ ነበር እኮ!»

የጥንቱ መሐንዲስ ሥራውን አላጓደለም። እያንዳንዷ ቃል ደረጃ በደረጃ ወጥታ ባል ጆሮ ገባች። ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ እማማ!»

«ማነው እሱ? ድምፁ ከቅርብ ነው» አለች አክስቴ።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ከየትኛው ትራጄዲ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለአጎቴ ተረጎምኩላቸው።

«ሁለተኛው ክፍል ማታ ናፍፕሊዮ ነው በላት» አሉ።