የኮረምን ውለታ እንዴት ረሳነው?

የወሎ ወገኖቼ ሆይ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2004 ዓ.ም. ምሽት ደሴ በአንድ ሻይ ቤት የሰማሁት ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ኦጋዴን ውስጥ ከአማፅያን ጋር የተያዙት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች፣ ማርቲን ሺብዬና ዮሃን ፔርሶን፣ 11 ዓመት እንደተፈረደባቸው ቴሌቪዥኑ ሲናገር፣ በበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «እሰይ፣ ይበላቸው!» ብሎ አጨበጨበ፤ ቤቱም ተከተለው። ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገራቸውን አምነው፣ ሽብርተኛ ረድታችኋል መባላቸውን ግን ክደው መከራከራቸው ማንንም አላሳሰበም። እኔስ? ሻዬን እንደያዝሁ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ቤት ገብቼ ነገሩን ሳወጋት እናቴ ቡና ታፈላ ነበር። ጀበናውን ከከሰሉ አነሣችና «ልጄ፣ ያ የኮረምን ጉድ ያሳየው ሰውዬ ያኔ ታስሮ ቢሆን አንተ ትወለድ ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በ1977 ዓ.ም.፣ ያኔ የወሎ አካል በነበረችው ኮረም፣ እህል ከሚጠብቁት አንዷ እሷ ነበረች። ስሙን አታውቀውም እንጂ ሰውዬው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር ያቀረበው ዘገባ ዓለምን ቀሰቀሰልን። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ እጁን ያጣውም በዚሁ ሥራው ላይ ሳለ ነው። ከእርሱ በፊት በ1966 ዓ.ም. የተደበቀውን የወሎን ረሃብ ለውጭው ዓለም ያጋለጠው እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ነበር።

ይህን ውለታ የቀመስን ሰዎች ነን እንግዲህ ያጨበጨብነው! በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሰቆቃችን በውጭ ዘጋቢዎች ተዘነጋ የሚለው ቅሬታችሁ የእኔም ቅሬታ ነው፤ ነገር ግን የተዘነጋ ሰው ዘጋቢ እንዲበዛለት ይለምናል እንጂ የመጣው ሲታሰር ደስ አይለውም። በዚያው ዓመት ለውጭ የዜና ድርጅት የሚሠራ የገዛ አገራችን ልጅ አራት ወር ሲታሰርም ዝም ብለናል።

ስዊድናውያኑ ከ14 ወራት እስር በኋላ በዘመን መለወጫ ዋዜማ በይቅርታ ተፈቱ። እኔ ግን እናቴን ይቅር በይኝ ሳልላት አረፈች። እባካችሁ፣ እኔ የነቀነቅሁትን ራስ እናንተ አትነቅንቁ። ሰሞኑን ልጄ ዜና ላይ የታሰረ ጋዜጠኛ አይታ «ምን አሳይቶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ የአያቷን የኮረም ታሪክ ከመጀመሪያው ነገርኋት።