ኖቱን ይዞት ወጣ

በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለን ጓደኛሞች የሥራ መሣሪያን ማሳመር ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ያባክናል ብለን ተከራከርን። ክርክሩን ያስነሳው አንድ የኖት መያዣ አፕ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራው ወጣት ኖቶቹን በሙሉ ከአንድ አፕ ወደ ሌላ ማዛወሩን በደስታ ነገረን። አዲሱ አፕ ኖቶችን እርስ በርስ በሊንክ ያገናኛል። የሥራ ዝርዝሩን ከካላንደሩ ጋር ያቀናጃል። ስልክ ላይም ላፕቶፕ ላይም እኩል ይከፈታል። «አሁን ጭንቅላቴ ቀለለኝ» አለ።

ሰርቨር የሚያስተዳድረው ጓደኛችን ከሁላችንም በፊት ሥራውን የጀመረ ሰው ነው። አላስጨረሰውም። «ባለፈው ስታዛውርም እንዲሁ ነበር ያልከው።»

«ያኛው ፍለጋው ቀርፋፋ ነበር።»

«ከዚያ በፊት የነበረውስ?»

«እሱ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፍትም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እሱ የሥራ ዝርዝሩን የሚይዘው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሥራ ሲመጣ አንድ መስመር ይጨምራል፤ ሲያልቅ ይሰርዛል። ኮምፒውተር በቀየረ ቁጥር ፋይሉን ኮፒ ያደርገዋል፣ በቃ። አፕ ቢዘጋ፣ ድርጅት ቢከስር ፋይሉ ይከፈታል። እንደ እሱ አባባል ከዚህ ያለፈው ሁሉ ከሥራ መሸሺያ ነው።

ወጣቱ እጅ አልሰጠም። «ቀኑን ሙሉ የምነካውን ነገር ማሳመር እንዴት ከሥራ መሸሽ ይባላል? ኤዲተሬን በኪቦርድ ብቻ ነው የማዘው። እጄ ማውዝ ፍለጋ አይሄድም። ሐሳቤ አይቆረጥም።» የሚጠቀመው ቪም የተባለውን ኤዲተር፣ ማለትም የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ፍቅሩ ታሪኩን እስከ ማጥናት አድርሶታል። ቢል ጆይ የቪም አባት የሆነውን ቪአይን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ጠቋሚውን ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ለመውሰድ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል የተመረጡትም በዘፈቀደ አይደለም። ጆይ ይሠራበት የነበረው ኤዲኤም 3ኤ የተባለው ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ያለው የዚያ ዘመን መሣሪያ) ቀስቶቹ የታተሙት እነዚሁ ቁልፎች ላይ ስለነበር ነው። «ተርሚናሉ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ልማዱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ጥሩ መሣሪያ አንዴ ከለመድከው ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል» አለ።

ሰውየውም እኮ የቪም ተጠቃሚ ነው። «ኤዲተሩን ማን ጠላ? መተየብ ግን የሥራችን ትንሹ ክፍል ነው። ትናንት ስንት መስመር ጻፍክ?»

«ትንሽ። የኮድ ስህተት (ባግ) ሳሳድድ ነው የዋልኩት።»

«ይኸውልህ። ያዘገየህ ጣትህ አይደለማ።»

እዚህ ላይ የክፍያ ሲስተም ላይ የምትሠራው ጓደኛችን ገባች። እስከዚያ ዝም ብላ ስትሰማ ነበር። «ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ራሳችሁ ጠረጴዛ ብቻ ነው» አለችና ሰሞኑን የገጠማትን ነገረችን።

ኮድ ስታነብ አንድ ግራ የሚያጋባ መስመር ታገኛለች። ፕሮግራሙ ክፍያውን ከላከ በኋላ ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ነው የክፍያውን ውጤት የሚጠይቀው። ለምን ሦስት ሰከንድ? አጠገቡ ኮሜንት፣ ማለትም የማብራሪያ ማስታወሻ፣ የለም። መሥራቱን የሚፈትሽ ቴስትም የለውም። ደንበኛው ግን በከፈለ ቁጥር ያንን ሦስት ሰከንድ ይጠብቃል። የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ ጊት የተባለ መሣሪያ አለ፤ መስመሩን ማን እንደጻፈው ብሌም በሚለው ትእዛዙ አየች። የጻፈው ልጅ መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል። ጊት ላይ የሚመዘገብ እያንዳንዱ ለውጥ ኮሚት ይባላል፤ የዚህ ኮሚት መልእክት «ማስተካከያ» ይላል። አንድ ቃል።

«ባጠፋው ምን እንደሚበላሽ አላውቅም። ብተወው ደግሞ ስንት ሰው በከንቱ እየጠበቀ ይሆናል» አለች። ቀኑን ሙሉ ሎግ (የሲስተሙን የሥራ መዝገብ) ስታገላብጥ ዋለች፤ በመጨረሻ ምክንያቱን አገኘችው። ክፍያውን የሚቀበለው የሌላው ወገን ሲስተም መዝገቡን ወዲያው አያድስም። ቶሎ ከጠየቁት «እንዲህ ያለ ክፍያ የለም» ብሎ ይመልሳል። የእነሱ ፕሮግራም ደግሞ «የለም» ሲባል ክፍያው አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል። ያ ሦስት ሰከንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል የተቀመጠ ነበር።

«መፍትሔው ደካማ ነው፤ ሌላው ወገን አንድ ቀን አራት ሰከንድ ቢዘገይ ያልቅለታል። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቢሰጠው ሁለቴ ቢላክም አንዴ ብቻ ይቆጠራል። አሁን እንደዚያ አድርጌዋለሁ። የሚቆጨኝ ግን እሱ አይደለም። ልጁ በዚያን ቀን ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ሁለት መስመር ቢጽፍ ኖሮ የእኔ ቀን ባልባከነ።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አለ ወጣቱ። «ኖት መያዝ ነበረበት።»

«ይዞ ይሆናላ። በራሱ አፕ ውስጥ። ሥራ ሲለቅ ይዞት ወጣ።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። ሰውየው ስለ ጊት አነሳ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሠሪዎች ቢትኪፐር የተባለውን የኮድ ታሪክ መያዣ መሣሪያ በነጻ መጠቀማቸው ሲቀር፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ጊትን መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥም የጊትን ኮድ የሚይዘው በራሱ በጊት ሆነ። «ዛሬ ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ብዙዎቻችን ግን የያዝነው እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። የከርነሉን ኮሚቶች ከፍታችሁ አንብቡ። አንድ መስመር የቀየረ ኮሚት ላይ ብዙ አንቀጽ ማብራሪያ ታገኛላችሁ። ችግሩ ምን እንደነበር፣ መቼ እንደሚታይ፣ ሌላው መንገድ ለምን እንደተተወ። የሚያነበው ሰው ጸሐፊውን አያውቀውም፤ ደውሎም አይጠይቀውም።»

ጊት ባይሴክትንም አነሳ። ይህን መሣሪያ ስሙን እንጂ ሥራውን የማያውቅ ብዙ ፕሮግራመር አለ። አንድ ነገር ባለፈው ቨርዥን ይሠራ ነበር፣ አሁን ተበላሽቷል እንበል። በመሃል አንድ ሺህ ኮሚት አለ። ባይሴክት መሃል ያለውን ያወጣልሃል። ትሞክረዋለህ። ደህና ነው ወይም ተበላሽቷል ትለዋለህ። ግማሹ ይጣላል። እንዲህ እየተከፈለ በ10 ሙከራ ገደማ ጥፋቱን ያመጣው ኮሚት ይገኛል። ቴስት ካለህ ደግሞ ሙከራውንም ራሱ ያካሂደዋል፤ አንተ ውጤቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ኮሚቶቹ ትንንሽ ሲሆኑና እያንዳንዱ ብቻውን ሲሠራ ነው። የፎርማት ለውጥ፣ አዲስ ነገርና የባግ ጥገና በአንድ ኮሚት ከታጨቀ ባይሴክት ኮሚቱን ያሳይሃል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሺህ መስመር ውስጥ መፈለግ የአንተ ፋንታ ነው።

ወጣቱ በጣም ተከፋ። «ሁሉንም ነገር ለሚመጣው ሰው ከጻፍኩ መቼ ልሠራ ነው? አለቃዬ የሚቆጥረው የተዘጋ ቲኬት፣ ማለትም ያለቀ የሥራ ጥያቄ ነው። የኮሚት መልእክቴን አንብቦልኝ የሚያውቅ ሰው የለም።» ይህ ቅሬታ ሊናቅ አይገባም፤ ብዙ ቡድን ውስጥ እውነቱ ይሄው ነው። ቀጥሎ ያነሳው ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነበር። የፕሮጀክታቸው ሙሉ ቴስት 40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ኮዱ ከመላኩ በፊት ማንም አያስኬደውም። እሱ ግን ፋይል ሴቭ ባደረገ ቁጥር ኤዲተሩ የሚመለከተውን ቴስት ብቻ እንዲያስኬድ አዘጋጅቶታል። ውጤቱ በሁለት ሰከንድ ይመጣል። «ይህም ከሥራ መሸሽ ነው?» ብሎ ሰውየውን አፈጠጠበት።

ሰውየው አይደለም አለ። በግልጽ ነው የተቀበለው።

ጓደኛችን ግን ጥያቄ ነበራት። «ያ ሴቲንግ ሪፖዚተሪው ውስጥ፣ የቡድኑ የጋራ ኮድ ማከማቻ ውስጥ አለ?»

«የለም። የእኔ ኤዲተር ውስጥ ነው።»

«ስንት ናችሁ ቡድኑ ውስጥ?»

«ሰባት።»

«ስለዚህ ስድስት ሰው አሁንም ቴስት አያስኬድም።»

ሰውየው የኮድ ማከማቻ አገልግሎት በሚሰጠው ድርጅት በጊትላብ የደረሰውን ያነሳው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት አንድ የድርጅቱ መሐንዲስ ከዳታቤዝ ችግር ጋር ሲታገል ነበር። የመጠባበቂያውን ሰርቨር የዳታ ፎልደር የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው ባንኖ አቆመው፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ባክአፕ የለም። ባክአፑን የሚሠራው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይገጥም የቆየ ቨርዥን ስለነበር ያለማቋረጥ ይከሽፍ ነበር። ከሸፈ የሚለው ኢሜይል ደግሞ በላኪ ማረጋገጫ ችግር ተቀባዮቹ ዘንድ አይደርስም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። ድርጅቱ ነገሩን አልደበቀም። ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ ኋላም ዝርዝሩን ጽፎ አወጣ።

«መሣሪያ ሞልቶ ተርፏቸው ነበር» አለ ሰውየው። «ባክአፑን መልሶ ጭኖ የሞከረ ግን አልነበረም።» ከዚያ ለወጣቱ የሚሆን ነገር ጨመረለት። ድርጅቱ እንዲስተካከሉ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ የተርሚናሉ (የትእዛዝ መጻፊያው መስኮት) ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ ከሚጻፍበት ፊት የሚታየው ጽሑፍ ነው፤ ሠራተኛው የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ በግልጽ የሚለይ እንዲሆን።

ወጣቱ ተቀበለው። «ይኸው! የተርሚናሌን ቀለም ሳሳምር ትስቁብኛላችሁ።»

«የሁሉም ሰው ተርሚናል ላይ ይሁን ነው ያሉት» አለች።

የኤአይ ረዳቶች ነገርም ተነስቶ ነበር፤ እሱ ላይ ብዙ አልቆየንም። ኮድ በፍጥነት ይጽፋሉ፣ ማንም አልካደም። ጓደኛችን ያነሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮዱን የጠየቀው ሰው ለምን እንደጠየቀ ካልጻፈ፣ ምክንያቱ የቻቱ መስኮት ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሰውየው ለመሣሪያ ያለውን ንቀት ግን አልቀበልም። ኮድ ከመቀየር ውጤቱን እስከ ማየት ያለው ጊዜ ሲያጥር ሰው ብዙ ይሞክራል። ብዙ የሞከረ ደግሞ ስህተቱን ገና ትኩስ ሳለ ያገኘዋል። ሁለት ሰከንድና 40 ደቂቃ የፍጥነት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ቴስት ይኖራል፣ በሌላው አይኖርም። ወጣቱ በዚህ ላይ ያጠፋው ጊዜ አልባከነም። ወደ አዲስ አፕ ኖት ሲያዛውር ያጠፋው ግን ባክኗል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ያው ኖት ነው፣ ያነበበውም ያው እሱ ነው። ለግል መሣሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት እንክብካቤ ይፈልጋል? የጽሑፍ ፋይል ምንም አይፈልግም። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ ያመጣው 25 ደቂቃ ሠርቶ ትንሽ የማረፍ ዘዴም ከሰዓት በቀር ምንም አይፈልግም። የሚጠቅመው ሰው ይጠቀምበት። በየጥቂት ወሩ እንደገና ተደራጅ የሚል ነገር ግን ራሱ ሥራ ሆኗል።

ጊዜያችንን መስጠት ያለብን ለሁሉም ለሚደርሰው ነው። የቴስቱ ሴቲንግ ሪፖዚተሪ ውስጥ ይግባ። በየጊዜው በእጅ የምንጽፋቸው ትእዛዞች ስም ወጥቶላቸው ስክሪፕት ይሁኑ። አዲስ የተቀጠረ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ፕሮጀክቱን የሚያስነሳበት ፋይል ይኑር። ከሰውየው ደግሞ ትንሽ የምለየው ማብራሪያውን ሁሉ ኮሚት ላይ ማስቀመጡ ላይ ነው። ፋይል ሲከፈልና ፎርማት ሲቀየር ብሌም የሚያሳየው የቀየረውን ሰው እንጂ ያሰበውን አይደለም። ለመቆፈር ትእግሥት ያለው ያገኘዋል፤ ሌሊት ተጠርቶ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ግን አይቆፍርም። እንደዚያ ሦስት ሰከንድ ያለ እንግዳ መስመር ምክንያቱ እዚያው ከጎኑ፣ በኮሜንት ይጻፍ። የትኛው መንገድ ተሞክሮ እንደተተወ ደግሞ ኮሚቱ ላይ።

አለቃ አይቆጥረውም ለሚለው የወጣቱ ቅሬታ መልሱ ያለው ሪቪው ላይ፣ ባልደረባ የሌላውን ኮድ አይቶ በሚያሳልፍበት ሥራ ላይ ይመስለኛል። ቲኬት የሚቆጥር አለቃ የኮሚት መልእክት አያነብም፤ ሪቪው የሚያደርግ ባልደረባ ግን ፊቱ ላይ ነው። እኔ ሪቪው ሳደርግ ኮዱ ትክክል ሆኖ «ለምን» የሚለው ከሌለበት አላሳልፈውም። «ሁለት መስመር ጨምርበት» ብዬ እመልሰዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ያኮርፋል። ወጣቱንም ቴስቱን የሚያስኬደውን ሴቲንግ ለቡድኑ እንዲልክ ጠየቅኩት፤ መጀመሪያ ከራሱ ፎልደር ስሞች ማጽዳት እንዳለበት ነገረኝ። ያጽዳውና ይላከው።