የጉልቷ እመቤት ተቀምጣ ትሸጣለች

ፔርሙዝ ደህና ይሁን አይሁን ሱቅ ውስጥ ቆመህ አታውቀውም። ሸሚዝ ቢሆን ትለካለህ። አምፖል ቢሆን ሰክተው ያሳዩሃል። ፔርሙዝን ግን ቤት ወስደህ፣ ሻይ ሞልተህ፣ አሳድረህ ነው የምታውቀው። እኔም ያወቅሁት በማግስቱ ነው። በኅዳር ውርጭ፣ ያውም ደብረ ብርሃን ላይ፣ እናቴ ማታ የሞላችው ሻይ ሲነጋ እንደ ጠበል ቀዝቅዞ ጠበቃት።

ከተማችን 2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ የተቀመጠች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ብርዱን ከዚህ ገምቱት። እዚህ ፔርሙዝ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

የገዛሁት እዚሁ ከተማ ካሉት ትልልቅ መደብሮች ከአንዱ ነው። ስሙን ልተወው። ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ ነው፤ በሩ ላይ ሁለት ጥበቃ አለ። ደረሰኜን ይዤ ተመለስኩ። የቤት ዕቃ ክፍል የቆመችው ልጅ ፔርሙዙን ሳትነካው ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” ይላል። በቀይ፣ በትልቁ።

ተናገርኳት። ጮህኩባት ብል ይሻላል። ሰው ዞር ዞር እያለ አየን። ልጅቷ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ፣ ከተቀበልኩዎት ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው” አለችኝ። በሹክሹክታ ነው። ይህን ስትል የምታየው እኔን አልነበረም። ጣሪያው ላይ ያለውን ካሜራ ነበር።

ምን እንደምላት ጠፋኝ። ፔርሙዜን አቅፌ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ትልልቅ መደብሮች ሲያማርር አብሬ ለማማረር አፌ እሺ አይለኝም። ቅሬታው ውሸት ሆኖ አይደለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቦርሳህን አስቀምጥ ትባላለህ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ካሸሯ ማሽን ላይ የሚወጣው ዋጋ አንዳንዴ አይተዋወቁም። “ዝርዝር የለንም” ይባልና ማስቲካ ይታደልሃል። (ቴሌብር ከመጣ ወዲህ የማስቲካው ነገር ቀነስ ብሏል፤ ጥርሳችንም አርፏል።) “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም አለ። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የደንበኛው ምርጫ ይመስል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ መከተላቸው ነበር። ስኳር ጋ ስትሄድ አንዷ ከኋላህ አለች። ሳሙና ጋ ስትዞር ሌላዋ ትረከብሃለች። እንደ ሌባ የታየሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ የእህቴ ልጅ ሌላ ከተማ አንድ መደብር ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ነው። እያንዳንዷ ልጅ የራሷ መደርደሪያ አላት። በየወሩ ቆጠራ አለ። የጎደለ ዕቃ ካለ በዋጋው ተሰልቶ ከደሞዟ ይነሳል። አንዲት ሎሽን ከጠፋች የልጅቷ የሳምንት ምሳ ጠፋ ማለት ነው። “አጎቴ፣ ሰው የምከተለው ወድጄ መሰለህ?” አለችኝ። በሰባተኛው ወር ለቀቀች።

የቅጥር ማስታወቂያዎቹን በየሰሌዳው አንብቡ። “ጾታ፦ ሴት። ዕድሜ፦ ከ20 እስከ 28። ዋስ ማቅረብ የምትችል። ደመወዝ፦ በስምምነት።” ይህ “በስምምነት” የሚሉት ነገር ሁሌም ያስቀኛል። ከሞላሌ ወይም ከመሐል ሜዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የመጣች ልጅ ከባለ አምስት ፎቁ ጌታ ጋር ምን ብላ ነው የምትስማማው? ይሰጥሻል የተባለችውን ትወስዳለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ይህን ያህል ብር ብሎ ያስቀመጠው ወለል የለም።

ዋሱ ደግሞ የባሰ ነው። ዋስ የሚሆነው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው ነው። ለገበሬ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ራሱ ደጅ ጥናት ነው። ዘመድ ተለምኖ፣ አማላጅ ተልኮ ይገኛል። ከተገኘ በኋላ ልጅቷ ታሰረች። ሥራው ቢመራትም በቀላሉ ጥላ አትሄድም። ቆጠራ ላይ ጎደለ የተባለው ብር ዋስ የሆናት ዘመዷ ቤት ድረስ ይሄዳላ። አፏን ከፍታ የማትከራከረውም ለዚሁ ነው። እኛ “ፊቷ አይፈታም፣ መስተንግዶ አታውቅም” እንላታለን።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ቀን ከሆነ ለያንዳንዷ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል ይከፈላል። የእህቴ ልጅ ከጠዋቱ 1፡30 ገብታ ማታ 2፡00 ትወጣ ነበር፤ በመካከሉ ግማሽ ሰዓት ምሳ። በሳምንት ስድስት ቀን። ደምሩት፤ 72 ሰዓት ነው። ሕጉ ትርፍ ሰዓቱን እንኳ ጨምሮ ከ60 አያልፍም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባለውን ስሙንም የሰማችው ከእኔ ነው።

ከደመወዝ መቁረጥም እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። አለበለዚያ ሠራተኛዋ በጽሑፍ መስማማት አለባት። ያም ሆኖ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ባለመደብሮቹ የሚገቡት በጽሑፍ በምትለዋ ቀዳዳ ነው። ስትቀጠር ከምትፈርማቸው ወረቀቶች መሐል አንዷ “የጎደለውን እከፍላለሁ” ትላለች። ሥራ ያጣ ሰው ወረቀት አንብቦ ሲፈርም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለመደብሩም ችግር አለበት፤ አልክድም። ኪራዩ ናላ ያዞራል። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ በሸጠበት ዋጋ ነገ አያስመጣም። ሌባም አለ፤ ያውም ዘናጭ ሌባ። ግን አንድ ነገር ልጠይቀው። በዓል ደርሶ ዕቃው እንደ ጉድ ሲሸጥ ትርፉ ለልጆቹ ይካፈላል? አይካፈልም። ታዲያ ኪሳራው ሲመጣ በምን ሒሳብ ነው የሚካፈሉት?

አሁን ወደ ግድግዳው ጽሑፍ ልመለስ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ ይላል። ቀለሙን ጠላሁት፣ ሚስቴ አልወደደችውም ብለህ አይደለም። ጉድለት ካለበት ነው። ሻይ የማያሞቅ ፔርሙዝ ደግሞ ጉድለት ካልተባለ ምን ይባላል? ስለዚህ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የምትለዋ ወረቀት ያው ወረቀት ናት፤ አዋጅ አትሽርም። ያው አዋጅ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ አለበት፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በትሕትና የምታስተናግደው ያቺው ከንጋት ጀምሮ የቆመችው ልጅ ናት።

መቆም ስል ነገሩ ትዝ አለኝ። ገበያችን ጥግ ጉልት የሚሸጡትን ሴቶች እዩዋቸው። የሸዋ ሮቢት ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ በርጩማ፣ አንዷ የተገለበጠ ሳጥን ላይ። ጉልት የሚለው ቃል ራሱ መጎለትን ያስታውሰኛል። ገዢው ነው የሚቆመው። ጎንበስ ብሎ “ስንት ነው እማማ?” የሚለውም እሱ ነው። እሷ ቀና ብላ ዋጋዋን ትናገራለች። ደስ ካላት ምርቃት ትጨምርለታለች። ደስ ካላላት “ተወው፣ እለፍ” ትለዋለች። ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅባታል፤ ድሃም ናት። ግን የንግዷ እመቤት ናት።

የድሮ ገበያ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። እዚሁ አንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋ ትልቋ ገበያ ነበረች። የሐረርና የታጁራ ነጋዴ ይመላለስባት፣ አሞሌ ጨው ይመነዘርባት ነበር። በዚያው አካባቢ ሰውም ይሸጥ ነበር። የሰፈራችን ባለሱቅም በዱቤ ደብተሩ ላይ አንዳንዴ ብዕሩ ትንሽ ያዳልጠው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። የምለው ሌላ ነው። ሴራሚክ አነጠፍን፣ ካሜራ ሰቀልን፣ ወንበሯን ግን ወሰድንባት።

አንዳንድ መደብር ለካሸር ወንበር ይሰጣል፤ እውነት ነው። መደርደሪያ የሚጠብቁት ግን ካርቶን ላይ ቁጭ ሲሉ እንኳ ከተያዙ ቁጣ አለ። የሱፐርቫይዘሩ ምክንያት “ደንበኛ ሲያይ ደስ አይለውም” የሚል ነው። እኔ ደንበኛ ነኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ይሄ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። በሕንድ ኬረላ ግዛት የልብስ መደብር ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቁሙ መባሉ መሯቸው ለዓመታት ተሟገቱ። በ2018 እ.ኤ.አ. ግዛቲቱ ሕጓን አሻሽላ ለሠራተኛ መቀመጫ ግዴታ ይሁን አለች። ጎረቤቷ ታሚል ናዱ በ2021 ተከተለቻት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የካሊፎርኒያ ካሸሮች ዋልማርት የተባለውን የመደብር ኩባንያ ወንበር ነፈገን ብለው ከሰሱት። ያ ግዙፍ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን ሳያምን 65 ሚሊዮን ዶላር ልክፈል ብሎ ነገሩን በስምምነት ዘጋው። ለወንበር! በዚያ ብር ስንት በርጩማ ይጠረብ እንደነበር አስቡት።

ዋልማርትን ያነሣሁት በምክንያት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብት ተዘግቶ የቆየውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ከፍቶታል። ብዙ ሰው “ፈረንጆቹ ይምጡና መስተንግዶ ያስተምሩን” ሲል እሰማለሁ። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ እንደሚለው እዚያ የተጠቀምክበትን ዕቃ እንኳ ይዘህ ብትሄድ ፈገግ ብለው ይቀበሉሃል። ይሁን። ግን ዕቃህን ፈገግ ብላ የምትቀበለው ካሸር ወንበር ለማግኘት ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባት። ፈገግታው ከኩባንያው ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ወንበሩ አይመጣም። እሱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

እኔ ፔርሙዙን ይዤ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። በዚህኛው ልጅቷን አላናገርኳትም። ማናጀሩ ጋ ቀጥ አልኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው ቢሮው። ትሑት ሰው ነው፤ “ይቀመጡ” ብሎ ወንበር ሳበልኝ። እሱ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለ አዋጁ ነገርኩት፤ ስለ 15 ቀኑ። በጥሞና ሰማኝና ስልክ አንሥቶ ልጅቷን አስጠራት።

መጣች። በሩ ጋ ቆመች። “ጋሼን ለምንድን ነው ያስቆጣሻቸው?” አላት። “አላስቆጣችኝም፤ የተቆጣሁት ራሴ ነኝ” አልኩ። ሳቀ። “ግድ የለም፣ ለእርስዎ ስንል እንለውጥልዎታለን” አለኝ። መብቴን በውለታ መልክ ተቀበልኩ። ምን አደርጋለሁ? ልጅቷ ወርዳ ሌላ ፔርሙዝ አመጣች። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አሳየችኝ፤ አሁንም ቆማ።

“ከእሷ ደሞዝ ግን አይቆረጥም አይደል?” አልኩት ስነሳ።

“እሱን ለእኛ ይተዉት” አለኝ፤ እስከ በሩ እየሸኘኝ።

አዲሱ ፔርሙዝ ጥሩ ነው። ሻዩ እስከ ጠዋት ይሞቃል። እናቴ ማናጀሩን ትመርቀዋለች።