ደቻቱ ሰማያዊ አይደለም

የድሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሙቀቱ ነው ያናገረው እንዳትሉኝ። ይህን የምጽፈው በጠዋት ነው፤ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ ንፋሱ ገና ሳለ።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የስዕል ደብተር ነው። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ እኔ ጋ ይቆያል። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ባነር የሚሉት ነገር መጥቶ እንጀራዬን ግማሽ አደረገው እንጂ፣ ከለገሃሬ እስከ ሳቢያን የእጅ ጽሑፌን ያላነበበ ሰው የለም። አሁንም ባጃጅ ላይ ጥቅስ የሚያስጽፍ አይጠፋም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ልጁ ደብተሩን ከቦርሳው አላወጣም። እኔ ነኝ ሌላ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት። «ሰፈራችሁን ሳሉ» ተብለው ነበር። እሱ ወንዛችንን ደቻቱን ስሏል። ድልድዩ አለ። አሸዋው ላይ አራት ፍየሎች አሉ፤ አንዷ ፌስታል ትበላለች፤ ፌስታሉ ቢጫ ነው። ዳር ላይ አንድ ሰው ሽርጥ አገልድሞ ቁጭ ብሏል። ወንዙን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ቀብቶታል። ቡናማው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ ተሰምሯል። ከሥሩ «ወንዝ ሰማያዊ ነው» ይላል። ከአሥር አራት።

ደቻቱ መቼ ነው ሰማያዊ ሆኖ የሚያውቀው? እስቲ ንገሩኝ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ውሃ ሲመጣበት ደግሞ ከላይ ጭቃውን ጠርጎ ነው የሚመጣው። በ1998ቱ ክረምት ሌሊት የወረደውን ጎርፍ ያየ ሰው ቀለሙን እስኪሞት አይረሳውም። ልጁ ያየውን ሳለ። አስተማሪው ያላየውን አረመ።

«አሥር ከአሥር ያገኘው ማን ነው?» አልኩት። የጓደኛውን ስዕል በጣቱ አየር ላይ ሠራልኝ። ሁለት ሦስት ማዕዘን ተራራ፣ በመሀላቸው ፀሐይ፣ ሰማያዊ ወንዝ፣ የፖም ዛፍ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት። ጭስ ማውጫ! እዚህ ድሬዳዋ! አቦ፣ ማን ነው በዚህ አገር ቤቱን በእሳት የሚያሞቀው? ፖሙስ ከየት መጣ? ጊሽጣ ጠፍቶ ነው? ያንን ስዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም በልጅነቴ ስዬዋለሁ፣ አባቴም ሳይስላት አልቀረም። ከጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተገለበጠች ትውልድ ተሻግራለች። አንድም ልጅ ግን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

አሁን አስተማሪው ላይ ብቻ ጣታችሁን ልትቀስሩ ነው አይደል? ቆዩ። ትምህርት ቤቱን በስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ብጠራው እናንተ በሰላም ትተኛላችሁ። አስተማሪውም እንደዚያው ተምሮ ነው የመጣው። ጥፋቱ የናንተም ነው። የእኔም ነው፤ እሱን እመለስበታለሁ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ይሄ የስዕልና የዘፈን ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ለሒሳብ ቢሰጥ» ብሎ የተነሳው ማን ነበር? ከናንተ አንዱ ነበር። ያጨበጨባችሁትም እናንተ ናችሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ፤ ድሮ ከስፖርት ጋር ተዳብሎ «ሥነ ውበት» ይባል የነበረው ነው። መጽሐፍ አለው፣ ፔሬድ አለው። ግን ሚኒስትሪ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚታረደው እሱ ነው። ከሌላ ትምህርት የተረፈ አስተማሪ ካለም እሱ ላይ ይመደባል።

ፍርሃታችሁ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ለዚያ ውጤት ያበቃን ስዕል ነው? እነዚያ ልጆች ሒሳብ የወደቁት ስዕል ሲስሉ ሰዓት አልቆባቸው ነው? አንድም ቀን በወጉ ስዕል ያልተማረ ልጅ ነው ሒሳቡንም የወደቀው።

እስቲ ቋንቋችንን አድምጡት። የተማረን ሰው «ቀለም የቆጠረ» እንለዋለን። ትምህርቱን «የቀለም ትምህርት» እንላለን። ቶሎ የሚገባውን ልጅ «ቀለም ይዘልቀዋል» እንለዋለን። አባቶቻችን ትምህርትን የሰየሙት በቀለም ነው፤ ያውም በእጃቸው በጥብጠው በሠሩት ቀለም። የቄስ ተማሪ ቁም ጽሕፈት ሲማር የፊደሉ አቋም፣ የመስመሩ ቅጥ፣ የብዕሩ አቆራረጥ የትምህርቱ አካል ነበር። የብራናው ጽሑፍ በጥቁር፣ የቅዱሳን ስም በቀይ። ቁርዓን ቤት የገባው ልጅም ሎሁን፣ ያንን የእንጨት ሰሌዳ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና ይጽፍበታል፤ ጽሑፉ ከተንጋደደ ይገሠጻል። እዚህ ጎረቤታችን ሐረር ደግሞ ሴቶች ልጆች በአንዲት ትልቅ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ወግ አለ። ሞይ ጋር ይሉታል። ለአንዳቸውም ውበት የተረፈ ሰዓት ማሳለፊያ አልነበረም። ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚጠጣ ነበር። እኛ «የቀለም ትምህርት» የሚለውን ስም ይዘን ቀለሙን ደፋነው።

ሐረርን ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ከልጆች ጋር ለጉብኝት የሄድኩበትን ልንገራችሁ። ወላጅ አጃቢ ተፈልጎ ነበር፣ ሥራም ስላልነበረኝ ሄድኩ። ጀጎል ገባን። ከነባሮቹ የሐረሪ ቤቶች ወደ አንዱ ተወሰድን። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በተለይ ያደነቀው የነዚህን ቤቶች ውስጥ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አወለቁ። ነደባ በሚሉት መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከደጅ ዓይን የሚያጠፋ ፀሐይ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ግን ጥላው ቀዝቃዛ ነው፣ መደቡ ቀይ ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሞሰብና ሰፌድ፣ ሳህንና ጎድጓዳ ተሰቅሎበታል፤ አንዱም ያለ ቦታው አልተሰቀለም። እኔ ታፔላ ስጽፍ በፊደልና በፊደል መሀል ስንት ጣት ልተው ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ። ያንን ግድግዳ ሳይ አፌን ያዝኩ። ባዶው ቦታ ራሱ ተለክቶ ነው የተተወው።

አስተማሪዋ ምን አለች? «ጻፉ! የጀጎል በሮች 5። መስጊዶች 82።» ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ሠላሳ ምናምን አናት ወደ ደብተር ተቀብሯል፣ ግድግዳውን የሚያየው የለም።

አንዲት ልጅ ብቻ ቀና አለች። አንድ ሞሰብ ፊት ቆማ በጣቷ ሳትነካው ትቆጥራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀዩ ስንት ዙር ሄዶ ጥቁሩ እንደሚመጣ፣ ጥልፉ የት ጋ ተጀምሮ የት ጋ እንደሚገጥም ነበር የምትቆጥረው። ከመሀል ወደ ዳር ክቡ ሲሰፋ ያ ጥልፍ ሳይዛነፍ የሚዘልቀው ሰፊዋ አስቀድማ በጭንቅላቷ ስላሰላችው ነው። ሒሳብ ሒሳብ ስትሉ የምትውሉት እናንተ፣ ሒሳቡ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። «ነይ እንጂ፣ ልንወጣ ነው!» ተባለች። ወጣች።

ሐረር ድረስ መሄድም አያስፈልግ። እዚሁ ከከተማችን በስተደቡብ ደቻቱን ቁልቁል የሚያይ ዋሻ አለ። ፈረንጆቹ ፖርክ ኤፒክ ብለውታል፣ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ነው ለጥናት የተገኘው። ከዚያ ዋሻ ቀይና ቢጫ የቀለም ድንጋይ በቁፋሮ ወጥቷል። ጥቂት አይምሰላችሁ፤ 4,213 ስባሪ፣ 40 ኪሎ ግድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዕድሜውን ወደ 40,000 ዓመት ያደርሰዋል። ሰዎቹ ድንጋዩን እየፈጩ ዱቄት ያደርጉት ነበር፤ የፈጩበት ድንጋይም ከነቀለሙ ተገኝቷል። ይህን ለሺህ ዓመታት ሳያቋርጡ ሠርተውታል። ምን እንደቀቡበት ተመራማሪዎቹ ይጨነቁበት። እኔ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ቢጫውን ከቀዩ የሚለየው፣ ደቃቁን ከሸካራው የሚመርጠው ዓይኑ ሲሠራ ነው። ያ ሰው ከዋሻው ደጅ ሆኖ ያየው ይኸው የእኛው ደቻቱ ነው። እሱን ማንም «ወንዝ ሰማያዊ ነው» አላለውም።

ከናንተ ውስጥ ልጁን ይዞ ወደዚያ ኮረብታ የወጣ ስንት ነው? እጅ አውጡ ብል ታሳፍሩኛላችሁ። ለገ ኦዳ የተባለው ዋሻ ስዕልም እዚሁ አካባቢያችን አለ፤ ከብቶቹ ዛሬም ድንጋዩ ላይ አሉ። ለሠርግ ስትሉ አዲስ አበባ ድረስ ታድራላችሁ፣ ለዚህ ግን ጊዜ የለም።

የኔን ጥፋት እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ከዚራ ሰፈር ታፔላ አሠራኝ። ጥሩ ከፈለ። «የት ነው የሚሰቀለው?» ስለው «እዛ ዛፉ ላይ ምታልኝ» አለ። ከዚራን ከዚራ ያሰኘው ያ ጥላ ነው። መንገዱ ከባቡሩ ጋር አብሮ በመስመር የተቀየሰ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ ተገጣጥሞ ጣሪያ የሠራለት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አራት ባለ አሥር ሚስማር መታሁበት። ፈሳሹ በእጄ ላይ ወረደ። በጨርቅ ጠርጌ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ልጄ አብራኝ ነበረች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። «አያመውም?» አለችኝ። «ዛፍ እኮ ነው» አልኳት። ያን ቀን ያስተማርኳትን ማንም አስተማሪ በአንድ ሴሚስተር አያስተምርም።

ስለዚህ ውበት ውበት የምለው ልጆቻችሁ ሁሉ ሰዓሊ ይሁኑ ብዬ አይደለም። የሰዓሊን ኑሮ እኔን አይታችሁ ፍረዱ። ደጃፉን የሚያይ ልጅ አሳድጉ ነው የምለው። ፌስታል ደቻቱ ውስጥ የሚጥለው ደቻቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ከወገብ በታች በዚያ ጭቃ በሚመስል ዘይት ቀለም አስቀብቶ «እድፍ ይችላል» የሚለውም ርዕሰ መምህር ያው ነው። ልጆቹ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያዩት ያንን ነው! ሌላ ቆርቆሮ ቀለም እኮ በዚያው ዋጋ ይገኛል፤ እኔ እገዛለሁ፣ አውቀዋለሁ።

መምህራን፣ እናንተን አላዋርድም። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ለሰባው አንድ ፓኬት ከለር ይዞ ማስተማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከለር የማይጠይቅ ትምህርት አለ። ልጆቹን ግቢ ውስጥ አውጧቸውና ከአንድ ዛፍ ሥር ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንዳለ ይቁጠሩ። የጠዋቱ ጥላና የቀትሩ ጥላ በምን እንደሚለያይ ይንገሯችሁ። «ምን ሳልክ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አየህ?» በሉት። ሰሌዳው ላይ ያለችውን ባለ ጭስ ማውጫ ቤት ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉልኝ።

እናንተ ወላጆችም፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ስዕል ባገኛችሁ ቁጥር ጆሮውን አትቆንጥጡት። መጀመሪያ ስዕሉን እዩት። ከዚያ መቆንጠጥ ካለባችሁ ቆንጥጡት፤ እንደማትቆነጥጡት ግን አውቃለሁ።

ያን ዕለት ልጁን ይዤው ወደ ድልድዩ ሄድን። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፣ ፀሐይዋ ጋደል ብላለች። አሸዋው ላይ ወረድንና በቆርቆሮ አንድ እፍኝ ይዘን ወደ ሱቅ ተመለስን። ቀለም እየደባለቅኩ የአሸዋውን መልክ ለማምጣት ሞከርኩ። ቡናማ፣ ትንሽ ነጭ፣ የጥቁር ጠብታ። ካርቶን ላይ ቀብቼ ከአሸዋው ጎን አስቀመጥኩት። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ገጠመ ብዬ ነበር።

ልጁ አንዴ አሸዋውን፣ አንዴ ካርቶኑን አየ።

«አጎቴ፣ ቢጫ ጎድሎታል» አለ።

ጨመርኩበት። እውነትም ጎድሎት ነበር።