ልጁን ተዉት፣ ዓሣውን ይጋልብ

ሰሞኑን አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «አቫታርን ጊዜ ሳታባክኑ ለማየት መዝለል ያለባችሁ ክፍሎች» የሚል ዝርዝር ተለጥፎ አየሁ። አቫታር የምላችሁ አንግ የሚባል ልጅ ውሃን፣ መሬትን፣ እሳትንና አየርን ማዘዝ ተምሮ ዓለምን ከወረራት የእሳት አገር የሚያድንበትን ካርቱን ነው። ቻናሉ ከ61 ክፍሎች ውስጥ ሲሶውን ያህል «ፊለር» ብሎ ቆርጦ ጥሎታል። ጭድ ነው ማለቱ ነው፤ ከረጢቱ ሙሉ እንዲመስል የተጨመረ። ከሥሩ ደግሞ ለማስረጃ ካርቱኑን በሰው ተዋንያን ደግሞ የሠራውን የኔትፍሊክስ ሥሪት የመራውን የአልበርት ኪምን ንግግር ለጥፏል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የተናገረው ነው። በአጭሩ ሲጠቃለል፣ ካርቱኑ ላይ አንግ ከቦታ ቦታ እየዞረ ጀብዱ ይፈልጋል፣ ኧረ መጀመሪያ ዝሆን የሚያካክሉ ዓሦች ልጋልብ ይላል፣ ነገሩ ላላ ያለ ነው፣ ለካርቱን ደግሞ ይሄ አይከፋም፣ እኛ ግን ልጁን ከመነሻው የሚገፋው ነገር ሰጠነው፣ የሰሜኑ የውሃ ጎሳ ሲወረር የሚያይበትን ራእይ፣ ነው ያለው።

ያኔ ሳነበው አልፌው ነበር። አሁን ግን የተዘለለውን ዝርዝር እያየሁ ስደግመው ደሜ ፈላ።

«ለካርቱን አይከፋም» የምትለዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖ እና ብራያን ኮኒየትስኮ ከ2005 እስከ 2008 ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ልጅ ማባበያ ስላደረገች ነው የምታናድደኝ። ካርቱን ስለሆነ ይባዝናል፣ ሰው ሲጫወትበት ግን ቁም ነገር ይሆናል ማለት ነው? ሁለቱ ሰዎች እኮ በ2020 ከኔትፍሊክሱ ፕሮጀክት ጥለው የወጡት ሥራው ወዴት እንደሚሄድ መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናግረው ነው። ከዚያ በኋላ ሥራውን የመራው ሰው ተነስቶ የእነሱ ልጅ ላላ ያለ ነበር ይለናል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ደግሞ ስለ ጥድፊያ ማውራት ከፈለጉ ይቺን ይመልሱልኝ። ካርቱኑ ላይ በ8ኛው ክፍል ከአንግ በፊት የነበረው አቫታር ሮኩ ለአንግ ቁርጡን ይነግረዋል፤ ለእሳት አገር ኃይል የምትሰጠው ጅራታሟ ኮከብ በበጋው መጨረሻ ትመጣለች፣ ከዚያ በፊት አራቱንም ማዘዝ ካልቻልክ አለቀ። ቀነ ገደብ ማለት ይሄ ነው። የኔትፍሊክሱ ሥሪት ይሄን ሰዓት አነሳው። ለምን? ተዋንያኑ ልጆች ናቸው፣ በቀረጻዎቹ መሃል ያድጋሉ። ይገባኛል፣ ልጅ ያድጋል። ግን ሰዓቱን ከግድግዳ ላይ ራስህ አውርደህ ሌላውን «አትቸኩልም» ብለህ አትወቅስም። ያ ራእይ ታይቶት እየሮጠ ሰሜን የሄደው አንግ በ8 ክፍሎች ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ ማዘዝ ሳይማር ደረሰ። ሲባዝን ነበር የተባለው የካርቱኑ አንግ በየወንዙ ዳር ቆሞ ይለማመድ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የጊዜ እጥረት ነው እንዳትሉኝ ደግሞ። የካርቱኑ የመጀመሪያ ምዕራፍ 20 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 23 ደቂቃ አካባቢ። አባዙት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል። የኔትፍሊክሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ 8 ክፍል ሲደመር ወደ ሰባት ሰዓት ነው። ያው ነው! ሰዓቱ አልጎደለም፣ የጎደለው መንገዱ ነው። ንጉሥ ቡሚን፣ ጄትን፣ የማሽን ባለሙያውን ሽማግሌና ልጁን ቲዮን፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ የተጎተተውን የሁለቱ ፍቅረኞች ዋሻ ሳይቀር ሰብስበው ኦማሹ ከተማ ውስጥ በሁለት ክፍል ጠቅጥቀው ከተቱት። ሽሮውንም ዶሮውንም ዓሣውንም አንድ ድስት ውስጥ ገልብጦ «ምግብ ቶሎ ደረሰ» እንደማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ዓሣው እንመለስ። 4ኛው ክፍል ነው። አንግ ኪዮሺ ደሴት አጠገብ ውሃ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ዓሦች ካልጋለብኩ ብሎ ጉዞውን ያስቆማል። በዚህ ሰበብ የኪዮሺ ተዋጊ ሴቶች ይማርኳቸዋል። ሴት ልጅ ሱሪ ትስፋ፣ አደን የወንድ ነው ሲል የመጣው የአንግ የጉዞ ጓደኛ ሶካ በመሪያቸው በሱኪ ይደቆሳል፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ አስተምሪኝ ይላል፣ ቀሚሷን ለብሶ ፊቱን ተቀብቶ ይማራል። (የኔትፍሊክሱ ተዋንያን ይሄ የሶካ ንቀት እንዲለዝብ መደረጉን ነግረውናል። መነሻው ካልከፋ መንበርከኩ ምን ይፈይዳል? ይለፈን።) አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል ሂዱ። ሶካ እግሩ ተሰብሮ አየር ላይ ካለ መርከብ ጫፍ ተንጠልጥሏል፣ በአንድ እጁ ጓደኛቸውን ቶፍን ይዟል፣ እጁ ሊከዳው ነው። ከሥራቸው ሌላ መርከብ ይዛ የምትደርሰው ማን ናት? ሱኪ። የተዋወቋት በዚያ በዓሣው ሰበብ ነው።

የግርዶሹን ቀን ጦርም አስቡት፤ ፀሐይ ስትጋረድ የእሳት አገር ሰዎች እሳት ማዘዝ አይችሉም። ሦስተኛው ምዕራፍ መሃል ላይ የእሳት አገርን ለመውረር የተሰለፈው ጦር ከየት የተገኘ ነው? ሃሩና አባቱ የተገኙት ከድንጋይ ከሰል ማዕድኑና ከባሕር ላይ እስር ቤቱ ክፍል ነው። ሰርጓጅ መርከቦቹን ከሶካ ንድፍ ተነስቶ የሠራው ባለሙያ የተገኘው ከሰሜኑ የአየር ቤተ መቅደስ ነው። ቅጠል ለብሰው ረግረግ ውስጥ የሚኖሩት እነዚያ አስቂኝ ሰዎች ከረግረጉ ክፍል፣ የትግል ሜዳዎቹ ጡንቸኞች ከቶፍ የመጀመሪያ ክፍል፣ ትንሹ ዱክና ግዙፉ ጓደኛው ከጄት ቡድን። ሁሉም ዝለሏቸው ከተባሉት ክፍሎች የወጡ ናቸው። የዝርዝሩ ባለቤት እነዚህን ሁሉ ዘሎ እዚያ ሲደርስ እነ አንግ በደስታ የሚቀበሏቸው ሰዎች ማን እንደሆኑ አያውቅም። ሰርግ ቤት በስህተት እንደገባ ሰው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለእኔ ከጀብዱ ክፍሎቹ ሁሉ አንደኛው የሁለተኛው ምዕራፍ 10ኛ ክፍል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ነው። ዝርዝሩ ላይ ባይኖር እንኳ በዝርዝሩ ሕግ መኖር ነበረበት። እንዴት እንደሚጀምር እዩት፤ አንግ «እስቲ ሁላችንም አንድ አንድ የመዝናኛ ቦታ እንምረጥ» ይላል። መዝናኛ! ዓለም እየነደደች እሱ መሬት ውስጥ ለሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት ዋሽንት ይነፋል። ከዚህ በላይ መባዘን የት አለ? የሶካ እህት ካታራ በረሃ ዳር ያለ የመዝናኛ ቦታ ትመርጣለች፣ እዚያ አንድ ፕሮፌሰር ያገኛሉ፣ ሶካ ደግሞ ተራው ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልኩን የሚፈልገውን አሸዋ የዋጠውን ቤተ መጻሕፍት ይመርጣል። ባለቤቱ ዋን ሺ ቶንግ የሚባል ግዙፍ ጉጉት ነው። መግቢያው ብር ሳይሆን እውቀት ነው። ፕሮፌሰሩ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ካታራ ጥቅልሏን፣ አንግ የራሱን «ይፈለጋል» ወረቀት፣ ሶካ ደግሞ አንዲት ቋጠሮ። እንዴት እንደሳቅኩ አልነግራችሁም።

ከዚያ ሳቁ ያልቃል። የእሳት አገር ክፍል ተቃጥሎ አመድ ሆኗል። ከነሱ በፊት የመጣው የእሳት አገሩ የጦር አዛዥ ዣው ነው፤ የጨረቃና የባሕር መናፍስትን ምስጢር ያገኘው እዚሁ ነበር። ማለትም የመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ጨረቃ የሞተችበት ነገር ሥሩ እዚህ ነው። ጉጉቱ እውቀቱን ለጦርነት አትጠቀሙበት ብሏል፣ አንግም አደራውን ተቀብሏል፣ እነሱ ግን ግርዶሹን አግኝተው ያንኑ ያደርጋሉ። የምንወዳቸው ልጆች ናቸው እኮ የዋሹት! ጉጉቱ ተቆጥቶ ቤቱን ወደ አሸዋው ያሰምጠዋል። ውጭ የቀረችው ቶፍ፣ ማየት የተሳናትና በእግሯ የመሬቱን ንዝረት እየተከተለች የምታይ፣ በአሸዋ ላይ ግን እግሯም በደንብ የማያይላት ልጅ፣ ግንቡን በጉልበቷ ይዛ ትቆማለች። በዚህ መሃል አሸዋ አዛዦቹ ይመጡና በራሪውን ጎሽ አፓን አስረው ይወስዱታል። ግንቡን ብትለቅ ውስጥ ያሉት ይቀበራሉ፣ ካልለቀቀች አፓ ይሄዳል። አፓን ይቅርታ እየለመነች ግንቡን ትይዛለች። ሃያ ሦስት ደቂቃ በማይሞላ የልጆች ካርቱን ውስጥ።

ይሄ ነው እንግዲህ ላላ ያለው። ከዚህ «መዝናኛ» የተመዘዘውን ክር ተከተሉት። ግርዶሹ ጦሩን አመጣ። የአፓ መጥፋት በሚቀጥለው ክፍል በረሃው ላይ አንግን አውሬ አደረገው። ቶፍ ላይ ይጮሃል፣ አሳዶ ይገድላል፣ ከቁጣው የምትመልሰው ካታራ እጁን ይዛ ነው። ይህ ልጅ መጨረሻ ላይ የእሳት አገርን ንጉሥ አልገድልም ብሎ አሻፈረኝ ሲል፣ የሚያወራው ስለማያውቀው ነገር እንዳልሆነ የምናውቀው በረሃውን ስላየን ነው። አፓ ራሱ የሚያልፍበት መከራ ሌላ ሙሉ ክፍል ሆነ፤ ያ ክፍል የእንስሳት ተቆርቋሪዎች የሚሰጡትን የጀነሲስ ሽልማት አግኝቷል። አፓን ከላኦጋይ ሐይቅ ሥር የፈታው ደግሞ አንግን ሲያሳድድ የኖረው የእሳት አገር ልዑል ዙኮ ነው፣ አጎቱ አይሮ ጮሆበት፤ ከዚያ በኋላ በትኩሳት የወደቀውም ለዚህ ነው። «ከሰማይ ዱብ ያለ መፍትሔ» እየተባለ የሚወቀሰው፣ መጨረሻ ላይ ንጉሡን ሳይገድል የሚያሸንፍበትን መንገድ ለአንግ የሚሰጠው አንበሳ-ኤሊ እንኳ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሥዕል አለ፤ አንግ አይቶት ተገርሞ ያልፋል። አንድ የመዝናኛ ምርጫ ይሄን ሁሉ ወለደ። እስቲ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ክር ነው የምትቆርጡት? ንገሩኝ፣ መቀስ ላቀብላችሁ።

ሁለተኛው ምርጫዬ የሚፈላው ዓለት እስር ቤት ነው። ሶካ አባቱን ፍለጋ ከዙኮ ጋር ሹልክ ብሎ ይሄዳል፣ ለሌሎቹ ትተው የሄዱት ወረቀት ዓሣ ልናጠምድ ሄደናል ይላል። እንደገና ዓሣ! ያ ጉዞ ባይኖር ሜይ ጓደኛዋን፣ የዙኮን እህት አዙላን አትከዳም ነበር፣ ሜይ ባትከዳ ደግሞ አዙላ እንደዚያ ተሰባብራ መጨረሻው ላይ አናገኛትም። ሦስተኛው የሰማያዊው መንፈስ ክፍል ነው። አንግ ለታመሙ ጓደኞቹ በረዶ የሆኑ እንቁራሪቶች ሊለቅም ይወጣል፣ ዣው ይይዘዋል፣ ጭንብል ለብሶ የሚያስመልጠው ጠላቱ ዙኮ ሆኖ ይገኛል። የሚያስቀው የኔትፍሊክሱም ሥራ ትንፋሽ የሚያገኘው በተለይ እዚህ መሆኑ ነው። ጥድፊያውን ረስተው ሁለት ልጆችን ለብቻቸው ሲተዉ ነው ያማረላቸው። ራሳቸው ያስተዋሉት አይመስለኝም።

እሺ፣ አንድ ልስጣችሁ። የታላቁ ሸለቆ ክፍል፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 11ኛው፣ ሁለት ጎሳዎች ሲነታረኩ የሚውሉበት፣ ደካማ ነው። ደጋፊም አይወደውም። እሱንም ቢሆን ደራሲዎቹ ራሳቸው ናቸው የቀለዱበት፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ባለው ቲያትር ተዋንያኑ ሸለቆውን ያዩና «እንለፈው» ብለው ይበራሉ። ስለዚህ ዝለሉት። ከ61 አንድ። ከዚያ በላይ የለም።

እኔ ይሄን ነገር ያየሁት በፍላሽ አስጭኜ ነው። ክፍሎቹ ተዘበራርቀው፣ አንዳንዱ ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ፣ አንዱም ሁለት ጊዜ ተጭኖ። አንዱ ክፍል ከጎደለ ተመልሰን ሄደን ከልጁ ጋር እንጨቃጨቅ ነበር። መዝለል የሚባል ነገር በሐሳባችንም አልነበረም።

ለቻናሉ ባለቤት ይሄንኑ አሳጥሬ ጻፍኩለት። አውራ ጣት ላከልኝ። ዝርዝሩ ግን እንደተሰቀለ ነው። የእህቴ ልጅ ያንን ዝርዝር ስልኩ ላይ ከፍቶ «ቀጥታ ወደ 12 ልለፍ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ስልኩን ተቀበልኩት። አሁን 4ኛው ላይ ነው። አንግ ዓሣው ላይ ወጥቷል፣ ልጁም ከሶፋው ላይ ተነስቶ እየጮኸ ነው፣ እናቱ ድምፁን ቀንሱ ትላለች።